ከውስጠ ወይራ ወደ ውስጠ ሩዝ፦ ዘይቤ በጣራ ገዳምና በወረታ መካከል

የጥናቱ መነሻ

ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ስለ ዘይቤ አንድ ነገር ያውቃል፤ «እንደ» ያለበት ተነጻጻሪ ነው፣ «እንደ» የሌለበት ተለዋጭ። የቀረው ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍም አብሮ ያልፋል። ይህ ጥናት ዘይቤዎች ከፈተና ውጭ የት እንደሚኖሩና ምን እየሠሩ እንደሚተዳደሩ ይመረምራል።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፍ፣ በሁለት ትርጉም መናገር ለአማራ የኑሮ ብልሃት ጭምር መሆኑን ጽፏል። የገጠር ጥናቱን ያካሄደው ግን በመንዝ ስለነበር የወረታ ገበያ ሳይጠና ቀርቷል። ሊሞላ የሚገባው የዕውቀት ክፍተት ይኸው ነው።

ወሰንና ዘዴ

የጥናቱ ወሰን ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ካለው ጣራ ገዳም ተነሥቶ፣ በፎገራ ሜዳ አድርጎ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳርና ጎንደር መንገድ በሚገነጠልበት በወረታ ያበቃል። አካባቢው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በኅብረ ቃል አገር ያወቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ተወላጅ ናቸው። ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል፤ በአንጻሩ እሳቸው ያፈለቁት አቋቋም በልጃቸው ስም «የተክሌ» ተብሎ ይጠራል። ሒሳቡ ተጣጥቷል።

መረጃ አቀባዮቹ የተመረጡት በአመቺ ናሙና ዘዴ ነው። አመቺ ሆነው የተገኙትም ጠላ ቤት የተቀመጡት ናቸው።

ግኝቶች

ግነት፦ መማሪያ መጽሐፍ ግነትን «ነገርን ከልኩ አሳልፎ ማቅረብ» ይለዋል፤ ወዴት እንደሚያሳልፍ ግን አይናገርም። በፎገራ አቅጣጫውን የሚወስነው አድማጭ ነው። አንድ ገበሬ ለልጁ ሚስት ሊያጭ በሄደበት ቤት ስለ ሩዙ ሲጠየቅ ጎተራው አልበቃ ብሎት እንደተቸገረ ያወራል። ግብር ገማች ሲመጣ ያው ጎተራ አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣ የለቀቀችው ይሆናል። አጥኚው ሁለተኛውን «የቁልቁል ግነት» ብሎ ሰይሞታል።

ሰውኛ፦ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ መስጠት ነው ይባላል። የርብና የጉማራ ወንዞች ግን ጠባዩን ማንም ሳይሰጣቸው በገዛ እጃቸው ወስደዋል። በክረምት ወደ ጣና ሲወርዱ መንገድ ይስታሉ፣ ሳይጠሩ ቤት ይገባሉ፣ እህል ይጨርሳሉ፣ አልጋ ላይ ይወጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። ባለቤቱን አስወጥቶ የሚቀመጥ እንግዳ በሰውኛ ዘይቤ ይመደብ ወይስ በወንጀል የሚለው ለሌላ ጥናት ይቆይ።

አያዎ፦ እርስ በርሱ የሚጣላ ሐሳብ በአንድ አፍ ሲነገር ነው። ድሮ ክረምት ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ብዙው ሜዳ ለእህል አይመችም ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ ውሃው ካልተኛ ይታዘናል። አንድ ገበሬ ባንድ ጸሎት «ውሃውን አምጣ» እና «ውሃውን መልስ» ሊል ይችላል። ሁለቱም ከልብ ነው።

ምጸት፦ ቢፈለግ ቢፈለግ በአካባቢው አልተገኘም። አንድ አዛውንት የጥናቱን ዓላማ በጽሞና አዳምጠው፣ «ይህን ያህል ዓመት ተምረህ ጠላ ቤት ተላክህ? መንግሥት መቼም ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል» ሲሉ በመንግሥት ያላቸውን እምነት ገልጸዋል። ሌላው «እኛ ምን እናውቃለን፤ አንተ ንገረን እንጂ» ብለዋል። ይህም የመማር ፍላጎታቸውን ያመለክታል።

ሰምና ወርቅ፦ ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈሳል። የቅኔ ተማሪም ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚለፋው ሰሙ ወርቁን እንዲሸፍንለት ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነው ውስጠ ወይራ ላይ ላዩን ተራ ነገር የሚመስል፣ ጠንካራው ምሥጢር ግን ውስጡ ያለ ቅኔ ነው።

ውስጠ ወይራን በአካል ለመመርመር አጥኚው ጣራ ገዳም ወጥቷል። ደኑ በገዳሙ ጥላ ሥር እስከ ዛሬ የቆየ ስለሆነ ወይራ አላጣም። ሆኖም መቁረጥ ክልክል ነው፤ ካልተቆረጠ ደግሞ ውስጡ አይታይም። ስለዚህ በጣራ ገዳም ወይራ ውስጥ ወይራ ስለመኖሩ ይህ ጥናት ማረጋገጫ ለመስጠት ይቸገራል።

ሜዳው ላይ ግን ናሙናው በየመሶቡ አለ። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደርግ ዘመን ፎገራ የለመደው ሩዝ፣ ውሎ አድሮ ተፈጭቶ ከጤፍ ጋር ተቦካ። እንጀራው ነጭ ነው፤ ዓይኑም ያምራል፤ ለላይ ተመልካች ማኛ ነው። ሰሙ ጤፍ፣ ወርቁ ሩዝ። ይህን ዓይነቱን አጥኚው «ውስጠ ሩዝ» ብሎ ወደ ዘርፉ ያስገባዋል። ከነባሩ ጋር ሦስት ልዩነቶች አሉት። በአንጥረኛው ዘንድ ሰሙ ይቀልጣል፤ እዚህ ይበላል። እዚያ ወርቁ ከሰሙ ይወደዳል፤ እዚህ ይረክሳል። ቅኔ ፈቺ ይፈልጋል፤ ውስጠ ሩዝ ግን እንጀራው በማግስቱ ሲደርቅ ራሱን ይፈታል። አንዲት እንጀራ ሻጭ «ይሄ ንጹሕ ጤፍ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «እንጀራ ነዋ፣ የኔ ጌታ!» ሲሉ መልሰዋል። ከመልሱ ውስጥ ሐሰት ተፈልጎ አልተገኘም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ተነሥቶ አዲስ ብያኔ ቀርቧል፤ ዘይቤ ማለት ተናጋሪው በተጠየቀ ጊዜ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ሊልበት የሚችል ንግግር ነው። ሰሙ ለምስክር ነው፤ ወርቁ ለገባው። ጌጥነቱ ትርፍ ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ

የፈተና አዘጋጆች «ዘንድሮ ምርት የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የትኛው ዘይቤ እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት አድማጩ አማች ይሁን ግብር ገማች በግልጽ ይጻፉ። ካልጻፉ ሁሉም ምርጫ ትክክል ተብሎ ይታረም።

ምስጋና

ጥናቱ ተነብቦላቸው ሲያበቃ «ይህ ሳይጻፍ ቢቀር አገሩን ምን ይውጠው ነበር!» በማለት ላበረታቱት የወረታ አዛውንቶች አጥኚው ከልብ ያመሰግናል። አስተያየታቸው በሚቀጥለው እትም ሽፋን ላይ እንዲታተም ተወስኗል።