አዛውንት ዘመድን ከኢሜይል አጭበርባሪ ለመጠበቅ የወጣ የቤተሰብ አዋጅ

የኢሜይል አጭበርባሪ በር ሳያንኳኳና ቡና ሳይቀምስ እማማ ዘንድ የሚገባ ብቸኛ እንግዳ በመሆኑ፤

በ2024 ብቻ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ወንጀል ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር እንዳጡ ለአሜሪካው ኤፍቢአይ በማመልከታቸው፣ አፍረው ዝም ያሉት ደግሞ በዚህ ስለማይቆጠሩ፤

የልጅ ልጆችም «ስንቴ ነገርኩሽ!» ከማለት ያለፈ እርምጃ ባለመውሰዳቸው፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የእማማ ኢሜይል አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አባባ በስማቸው ሌላ እንዲወጣላቸው ያቀረቡት አቤቱታ በመታየት ላይ ነው።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «የማጥመጃ ኢሜይል» ማለት የባንክ፣ የሜዲኬር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ስም ለብሶ፣ «ሒሳብዎ ዛሬውኑ ይዘጋል» ብሎ አስደንግጦ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። «ኮምፒውተር አዋቂ» ማለት ለእማማ ኢሜይል ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን የራሱ የልደት ቀን አድርጎ፣ ከዚያ ወዲያ ያልታየ የልጅ ልጅ ነው።

3. ስለ ማጣራት
ከላይ የሚታየውን የላኪ ስም ማንም እንዳሻው ሊጽፈው ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። ሊንኩ አይነካም፤ የሚደወለው በባንክ ካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ነው። በኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ የሚያነሳው ያው አጭበርባሪው ነው፤ ትሕትናውም ከባንኩ ሠራተኛ ይበልጣል። በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ «ከባንክ ነው» ለሚል ሰውም አይነገርም። ዕዳ በስጦታ ካርድ እንዲከፈል የሚጠይቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፤ የካርዱ ጀርባ ተፍቆ ቁጥሩ ከተነበበ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

4. የተፈጻሚነት ወሰን
አዋጁ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችንም ይመለከታል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲቪ ዕድለኞችን በኢሜይል አያበስርም፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያያል። በመሆኑም ፎርም ሳይሞሉ ዲቪ የደረሳቸው አጎት እንዳልደረሳቸው ይቆጠራል። የተደገሰው ድግስ ግን ይበላል።

5. ግዴታና ቅጣት
ኮምፒውተር አዋቂው የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራል፣ እማማ «አንድ ነገር መጥቷል» ብለው ሲደውሉ በሥራ ሰዓትም ቢሆን ያነሳል። ገንዘብ ተልኮ ከተገኘ በዚያው ሰዓት ለባንክ ይደወላል፣ ከዚያም ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል አቤቱታ ይቀርባል።

«እንዴት እንዲህ ትታለያለሽ?» ያለ ሰው ሦስቱንም የቡና ዙር እንዲያፈላ ይቀጣል። ቅጣቱ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አንዴ የተቆጧት አያት ሁለተኛውን ትደብቃለች፤ ባንክ ገንዘቡን ሊያስቆም የሚችልበት ሰዓትም የሚያልፈው ያኔ ነው።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ እማማ መነጽራቸውን አግኝተው ካነበቡት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። በኢሜይል የተላከ ማናቸውም ማሻሻያ ተቀባይነት የለውም።