ከማማው የወደቅሁባት ሌሊት

ቴፒ የሄድኩት ለቡና ነበር። ሌሊት ጎደሬ ጥበቃ ማማ ላይ ያወጣኝ ምላሴ ነው።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጋሼ እራት ላይ የጫካ አሳማ ጎደሬያቸውን እየገለበጠ እንዳስመረራቸው አወሩ። እኔ ስለ አደን ጥይት ትንሽ አንብቤያለሁ፤ ትንሽ ያነበበ ደግሞ ዝም አይልም።

"ጋሼ፣ እርሳስ እኮ እየቀረ ነው! አሁን ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ አረር አለ። እርሳስ ሥጋ ውስጥ ይበታተናል፤ መዳቡ ግን ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቶ፣ ሳይሰባበር ይዘልቃል።"

"እኛ አሳማ አንበላ፤ ቢበታተን ምን ገዶን?"

"ጥንብ አንሳው ይበላዋላ!" ብዬ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ኮንዶር የሚሉት ትልቅ ጥንብ አንሳ አዳኝ ጥሎት በሄደ ሥጋ ውስጥ ባለ እርሳስ እየተመረዘ ስለሞተ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእርሳስ አረር ማደን ክልክል ነው።

ጋሼ ከግድግዳው ላይ ያባታቸውን ለበን ጠመንጃ አወረዱ። "ና፣ የቀረውን ጥበቃ ላይ ትጨርስልኛለህ።"

ማማው ላይ ሚጥሚጣ የገባበት ቅጠል ቡና እየጠጣሁ ስብከቴን ቀጠልኩ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ክብደቱ እኩል እንዲሆን አረሩን ያስረዝሙታል። ርቆ ሄዶ ፍጥነቱ ከወረደ ግን ጫፉ አይከፈትም።

ጋሼ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አንዲት ቀላ ያለች፣ ረጅም፣ ሹል አረር መዳፌ ላይ አኖሩ። "ይህቺስ?"

ባትሪ አበራሁባት። ፈረንሳዮች በ1898 እ.ኤ.አ. ለለበን ያወጧት ናት፤ ከመቶ 90 እጁ መዳብ፣ 10 እጁ ዚንክ። አዲስ ብዬ ያመጣሁት ወሬ እዚህ ቤት ጋቢ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ አርጅቷል!

"ትበሳለች እንጂ አትጥልም" አሉ። እውነታቸውን ነው። የዛሬው መዳብ የሚከፈተው ጫፉ ላይ ቀዳዳ ስላለው ነው፤ የእሳቸው ከጫፍ እስከ ሥር ድፍን ናት።

"ታዲያ ጠመንጃውን ምን ይዘውት መጡ?"

"ለማስፈራሪያ። ቀለህ የለ፣ ባሩድ የለ። የማባርረው በቆርቆሮ ነው።"

ከሥር ኮሽ አለ። ብድግ ስል የማማው ርብራብ ከዳኝና ጎደሬው መሀል ተዘረርኩ። አረሯ ከእጄ አመለጠች። አሳማው በአጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሹ ፊቴን ሞቀኝ፤ ጋሼ ከላይ ቆርቆሯቸውን ይደልቃሉ።

ሲነጋ ጭቃውን በርብረን አረሯን አገኘናት። ከዚያ ጋሼ የተነቀለውንና የተሰበረውን ጎደሬ ቆጠሩ፤ አሳማው 4፣ እኔ 6።