ካላማዳሪ የለበሰው ስልኬ

ስልኬ ማርጀቱን የነገረኝ ባትሪው አይደለም፤ ከቨር ሻጩ ነው። መገናኛ፣ ከቨሮቹን ካርቶን ላይ ደርድሮ የቆመ ጎረምሳ ጠጋ ስል «ብራዘር፣ ምን ልስጥህ?» አለኝ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየውና በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ፋዘር፣ ይሄ ቀርቷል።» ከወንድምነት ወደ አባትነት ለመሻገር የፈጀብኝ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብሎ «ተቀራራቢ» ሰጠኝ። ተቀራራቢን ታውቁታላችሁ። ስልኩ ይገባል፣ የድምፅ ቁልፉም እንደ ምንም ይጫናል፤ የካሜራው ቀዳዳ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሽቷል። በዚያ ከቨር የእህቴን ልጅ ሠርግ አንስቼ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ አድርጌዋለሁ። የቀድሞው ከቨሬ ደግሞ መጀመሪያ እንደ ወተት የነጣ ነበር፤ ኋላ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆነና አንድ ቀን ማዕዘኑ ላይ ተቀዶ አረፈው። ስለዚህ ራሴ ልሠራ ተነሣሁ።

ዕቃ ማልበስ መቼም ለእኛ ብርቅ አይደለም። ደብተራችንን በአዲስ ዘመን ሸፍነን አይደል ያደግነው? እኔ ሒሳብ ሲሰለቸኝ ሽፋኑን አነብ ነበር፤ እስከ ዛሬ ማካፈል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ቤት ስንገባ ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ታስሯል። እናቴ ላስቲኩን የምትቀይረው ቁጥሮቹ መታየት ሲያቆሙ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ሪሞቱ ግን ዛሬም አዲስ ነው።

ወደ ኋላ ሲኬድማ ነገሩ ይከብራል። ጎራዴው አፎት አለው። አገልግሉ በሣር ተሰፍቶ ሲያበቃ ቆዳ ይለብሳል፤ በበቅሎ ጀርባ ሲናጥ ውሎ ስንቁን ደህና አድርጎ ያደርሳል። ዳዊቱን ደግሞ ተመልከቱት። ብራናው ተሰፍቶ በእንጨት ገበታ ይደጎሳል፣ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተማል። አላለቀም፤ ማኅደር ይሰፋለታል። መጽሐፉ የሚገባበት አንድ፣ ከላይ የሚደፋበት ክዳን ሁለት፣ ክዳኑ በጠፍሩ ላይ ወጣ ወረድ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጠፍሩ ትከሻ ላይ ይነገታል። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው፤ ሰፊው መጽሐፉን ለክቶ ይሰፋል እንጂ «አባ፣ ይሄ ዳዊት ቀርቷል፣ ተቀራራቢ ልስጥዎት» አይልም። (ቢሮ ይህንኑ ቃል ወስዶ የሠራተኛ ፋይል አድርጎታል። የእኔ ማኅደር ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።)

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ሲገባም እርቃኑን አልቆየም። ባለ ሞባይል የሆነ ሰው የላስቲክ መስኮት ያለው የቆዳ ኪስ ቀበቶው ላይ እንደ ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር። ስልኩ ቢወድቅ ክዳኑ፣ ባትሪውና ገላው ሦስት ቦታ ይበተናል፤ ለቅሞ፣ ገጥሞ «ሃሎ» ማለት ነው።

ዛሬስ? በታክሲ የሚጋፋን፣ ሕፃን የሚጎትተውን፣ በሽንኩርት እጅ የሚያዝን ዕቃ ከመስታወት እንሥራው ያለው ማነው? አይፎን 4 እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ፊቱም ጀርባውም መስታወት ነበር፤ በእጅ ሲይዙት ኔትወርክ ይወድቃል ብሎ ሰው ቢያማርር፣ አፕል ከቨር በነፃ አደለ። እጅ እንዳይነካው ልብስ የሚያሻው የእጅ ስልክ! እኔ ዘንድ በነፃ የሚያድል አልመጣም። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ስልክ ሠሪዎቹ ካሜራውን ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ያደርጉታል፤ የአምናው ከቨር ሁሉ ቆሻሻ ይሆናል። ለማን ብለው ነው ፈቀቅ የሚያደርጉት? ካሜራው እዚያው ቢቀመጥ ማን ይታመም ነበር? ደመወዜን የበላ ስልክ ቀለሙ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅኩት ከቨሩ የተቀደደ ዕለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ከማላውቀው ሰው ጋር ነው!

ብቻ፣ ጎሚስታው አሮጌ ካላማዳሪ በነፃ ሰጠኝ። በሳሙና አጥቤ፣ በምላጭ ቆርጬ፣ ውስጡን በነጠላ ቁራጭና በማስቲሽ ለብጬ ጃንጥላ ስር ለተቀመጠው ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ወስፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው?»

«ለስልክ።»

«ይነፋል?»

ሰፋው። እንደ በረባሶ ጠንካራ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። የካሜራውን ቀዳዳ ግን ለማንም አላመንኩም፤ ቤቴ ገብቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ለክቼ በገዛ እጄ ከፈትኩት። ሁለት ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። ወደ ሌላኛው ጎን።

ፎቶው ይቅር። ጎማ ጨርቅ እንደሚወድ የነገረኝ አልነበረም እንጂ። ትናንት ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸና ጎተትኩት፤ ኪሴም አብሮ ወጣ፣ ሳንቲሙ በየመቀመጫው ስር ተበተነ። ወያላው ጎንበስ ብሎ አንዷን እያነሣ «ፋዘር፣ ሂሳብ በእጅ ነው የምንቀበለው» አለኝ። ስልኩን ከማደሪያው ፈልቅቄ እስካወጣ ደግሞ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ዘግቶታል።

እናም ቁጥሬን የምታውቁ፣ አደራ፣ ሁለት ጊዜ ደውሉ። የመጀመሪያው ለማውጫ ነው።