ትርፍ አይደለም፤ የኔ ነው

ላስታ ውስጥ ትርፍ የሚባል ነገር መቼ ነበረና! እስቲ አስቡት፤ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ የወጣው ፍንካች ድንጋይ ቀላል ነው? የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ፣ መላእክት ወሰዱት የሚል አታጡም። እኔ ግን ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ። ግማሹን መላእክት ቢወስዱት፣ ግማሹ በሌሊት ለካብና ለጎጆ መሠረት ሄዷል።

የጠጅ ቤቷ እመቤት ማሩን በጥብጣ ስታበቃ ሰፈፉ ለጧፍ ሠሪ ይሄዳል፤ ጧፉ ቤተ ማርያም ይበራል። የጠላው አተላ ለአህያና ለበሬ ነው። ገለባው ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ አመዱ ዕቃ ይታጠብበታል። ይህን ሁሉ ያደረግነው ያለ አበል ነው።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ሊያስተምረን አንድ ወጣት ከከተማ መጣ። «የትርፍ ዕቃ ልውውጥ» ይባላል አለ። የተረፈው ያስመዘግባል፣ የጎደለው ያስመዘግባል፣ በስልክ ይገናኛሉ። ምሳሌ ቢያጣ ዴንማርክ ድረስ ሄደ። ካሉንቦርግ የምትባል ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ፋብሪካዎቿ ትራፊያቸውን ይቀባበላሉ። የነዳጅ ማጣሪያው የተረፈውን ጋዝ ለጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካ ሰጠ፤ ኋላም የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ወደ መድኃኒት ፋብሪካው ገባ፤ ከጭሱ የተጣራው ጂፕሰም ደግሞ የግድግዳ ሰሌዳ ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ። የኛዋ እመቤት ሰፈፉን ለጧፍ ስትሰጥ ግን ያጨበጨበላት የለም፤ ብርሌው ጎደለ ብለው ይጨቃጨቋታል እንጂ።

ሐቁን ልናገርና፣ ልጁ አንድ ነገር አልሳተም። ድሮ ትርፍና ጎደሎ ጎረቤት ነበሩ፣ በአጥር ይጠራሩ ነበር። ዛሬ በመሀላቸው ዘበኛ ቆሟል። አንድ ሆቴል አለ፣ ስሙን አልጠራም፤ የማርማላታ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ገደል ይደፋዋል። ከገደሉ በላይ ደግሞ የላስታን ነጭ ማር የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ጠርሙስ በጭነት መኪና ያስመጣል። መንገድ ላይ የሚሰበረው ሲታሰብ ጠርሙሱ ማሩን በዋጋ ሊበልጠው ምንም አልቀረው። ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «አባባ፣ ለጤና ጥንቃቄ ብለን ነው» አለኝ። ገደሉስ ጤና አያስፈልገውም? ለነጋዴው ነገርኩት። «የሆቴል ትራፊ ለቃሚ አደረጉኝ?» ብሎ አኮረፈኝ። አንዱ ለጤናው ሲል፣ ሌላው ለክብሩ ሲል፣ ጠርሙሱ ገደል ገባ። ለዚህ ስልኩ ምን ያደርግለታል?

ከሁሉም ሕፃናቱ ይሻላሉ። የቱሪስት መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ያቺ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ እጃቸው ከገባች ትምህርት ቤት ውኃ ትይዛለች፣ ቤት ዘይት ትይዛለች፣ ቅዳሜ ገበያ አረቄ ትይዛለች፤ ስታረጅ አንገቷ ተቆርጦ ጋዝ መቅጃ ትሆናለች።

የኔን ጉዳት ግን ማን ይስማኝ። ከጎተራው ጎን ለክፉ ቀን ያኖርኩት ንብረት ነበረኝ። የኤንትሬ ቸርኬ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ በ77ቱ ድርቅ የመጣ የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣ ድምፁ የጠፋ ግን ሳጥኑ ደህና የሆነ ራዲዮ፣ እጅጌው ብቻ ያለቀ ካፖርት። ቸርኬው አንድ ቀን ትምህርት ቤት ቢከፈት ደወል ይሆናል። ጎማው በረባሶ ይወጣዋል፣ ቆርቆሮው ኩራዝ። ካፖርቱም ቢሆን እጅጌ እስኪገኝ ነው። ቀኑ አልደረሰም እንጂ ሁሉም ሥራ ነበረው።

ለተዝካር ወጣ ብዬ ስመለስ ቦታው ተጠርጎ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ብረታ ብረቱን ለቆራሌው በኪሎ ሸጣለች፤ ካፖርቱን ልዋጭ ወስዶታል። በምን? በአንዲት ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ! ስጮህ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንቱ ሰውዬ፣ ስንት ክፉ ቀን መጥቶ ሄደ፤ ይሄ ቸርኬ አንዱን እንኳ መልሶልዎታል?»

መልሷል እንጂ! ቸርኬው ባይሆን መጁ። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ያኔ በር መደገፊያ የነበረው የአያቴ መጅ ታጥቦ ወደ ድንጋይ ወፍጮው ተመለሰ። ያ መጅ እንዳይጣል ማን ነበር የተሟገተው? እርግጥ የፈጨችው እሷ ናት።

ደግሞ ቆራሌው የሰበሰበው የት ይደርሳል? የላስታ ብረት በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል። ዕድል ከቀናው መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ካልቀናው ይቀልጥና ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ቸርኬዬን በኪሎ ሸጣ በቤርጋ ልታስገዛኝ! ጎማውም በረባሶ ሆኖ ቅዳሜ ገበያ ዋጋ እየጠራ ይጠብቀኛል። ልውውጥ ካላችሁ ቸርኬው እዚሁ ላሊበላ ካለ ብረት ቀጥቃጭ እጅ ይግባ፤ ቢያንስ ሳልፍ አየዋለሁ።

መንግሥትም የኔው ቢጤ ነው፤ የሚለየን ሚስት የሌለው መሆኑ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ጎማ የሌለው መኪና ሣር በቅሎበት ቆሟል፣ እግሩ የወለቀ ወንበር ተከምሯል። ለማስወገድ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ለኮሚቴው ስብሰባ፣ ለስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ ግምት፣ ከዚያ ጨረታ። ሞዴል 22 ያልተቆረጠለት ወንበር ከግቢ አይወጣም፤ አናጢው ጣውላ አጥቶ በአጥር እያየው ይበሰብሳል። በፌስታል ላይ ግን ጨክነዋል። በ1999 ስሱን ማምረትና ማስገባት ከለከሉ፣ በ2017 ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ጠቅላላ የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። ፌስታል አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣ ሲስቁብኝ የነበሩ አሁን ምን ይላሉ? ብቻ ፍራሼ ሥር ያጣጠፍኩትን ሁሉ ወዴት ላሽሸው?

ሥልጠናው ሲያበቃ ዐይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ባነር ላይ ነው። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ውኃ የማያስገባ። ቀኑ ታትሞበታል፣ ነገ ለማንም አይረባም። የኔን የገብስ ክምር ግን ከዝናብ ይከልልልኛል።

«ልጄ፣ ትርፉ ያውልህ፣ ጎደሎው እኔ ነኝ፤ በል መዝግበን» አልኩት።

«አይ አባባ፣ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ቢሮ ይመለሳል። ንብረት ክፍል ይረከበዋል።»

«ከዚያስ?»

«ይቀመጣል።»

«ለምን?»

«ምን ይታወቃል፣ አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል።»

ልጁ ገና አላገባም መሰለኝ።