ተረብ በሹክሹክታ አይሆንም

የተረብ ሕጉ አጭር ነው፤ ፊት ለፊት ተናገር፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ መልሱን ጠብቅ። ይህን ሕግ አፍርሶ የሄደ አንድ የለንደን ሰው አለ። 250 ዓመት ገደማ ያለ መልስ ተቀምጧል፤ ዛሬ መልሱን ይውሰድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ገባ፤ ጎንደር ቤተ መንግሥት ኖረ፤ ግሽ ዓባይ ድረስ ዘልቆ በ1774 ለንደን ተመለሰ። ከተማው ወሬ ወዳድ ነውና በየማዕዱ ይጠሩት ጀመር። አንድ ቀን አንዱ፣ “ሐበሻ አገር የሙዚቃ መሣሪያ አለ?” ብሎ ጠየቀው። ብሩስም፣ “አንድ ክራር ያየሁ ይመስለኛል” አለ። በእንግሊዝኛ ክራርም “ላየር” ነው፤ ውሸታምም “ላየር” ነው። የፓርላማ አባሉ ጆርጅ ሴልዊን ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ “አዎ፤ እሱ ከወጣ ወዲህ ግን አንድ ጎድሏል” አለ ይባላል።

ጋሽ ጆርጅ፣ ምላስዎ ስል ነው፤ አልክድም። ግን ለምን በጆሮ? ሰውየው እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ቁመቱም ከስድስት ጫማ ያለፈ ነው፤ አላየሁትም አይባልም። በፊቱ ቢሉት ተረብ ነበር፤ በጆሮ ሲሉት ሐሜት ሆነ።

የአገርዎ ወግ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ከ1652 ጀምሮ የለንደን ቡና ቤት አንዲት ፔኒ ለከፈለ ወንድ ሁሉ ወንበር ሰጥቷል። ጋዜጣው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነጋዴው ከመርከበኛው፣ ጸሐፊው ከባለ ማዕረጉ ይሟገታል። ዳግማዊ ቻርልስ በ1675 መጨረሻ ሊዘጋቸው አዋጅ አስነገረ፤ ጩኸቱ ሲበረታበት በቀናት ውስጥ ተወው። በ1780 ደግሞ ሴቶች “ላ ቤል አሳምብሌ” በሚባል የራሳቸው የክርክር ጉባኤ በአደባባይ ተናገሩ። ይህን ሁሉ ከልቤ አከብራለሁ። ንጉሥ ሊዘጋው ያልቻለ አፍ ያለው ከተማ ግን ለእንግዳው የመልስ ተራ ሊነፍገው አይገባም ነበር።

የለንደን ሰዎች፣ የቡና ስኒያችሁንም ልብ በሉት። “ሰውየው ሐበሻ አገር ደርሷል ወይስ አልደረሰም?” ብላችሁ ስትከራከሩ፣ የምትጠጡት ቡና ዘሩ ከዚያው አገር ጫካ የወጣ ነው። ምስክሩን እየጠጣችሁ ምስክር አጣን አላችሁ።

“ጥሬ ሥጋ ይበላሉ” ሲላችሁም ሳቃችሁ። እስቲ ቁርጥ ቤት ግቡ። በላተኛው ከዳቢቱ ረዘም አድርጎ ይዘለዝላል፤ አዋዜ ያስነካል፤ ጫፉን በጥርሱ ይይዝና ከታች ወደ ላይ በቢላው ሸርተት ያደርገዋል። ጉርሻው አፍ ውስጥ ነው፤ አፍንጫውም በቦታው ነው። ብሩስ ያየው እጅ ዛሬም አልተንቀጠቀጠም።

ጋሽ ሳሙኤል ጆንሰን፣ ከተጠራጣሪዎቹ መካከል እርስዎም አሉበት! በ1735 የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የሎቦን የሐበሻ ጉዞ የተረጎሙ፣ በ1759 “ራሴላስ” ብለው የሐበሻን ልዑል ታሪክ የደረሱ፣ እግርዎ ግን ቀይ ባሕርን ያልተሻገረ። ብሩስን መጀመሪያ ለማመን ዳድቶዎት ነበር፤ ኋላ ሐሳብዎን ለወጡ። ሳይሄዱ የጻፉ ሰው ሄዶ በመጣው ላይ እንዴት ይፈርዳሉ?

ጋሽ ያዕቆብ ብሩስ፣ እርስዎንም አላልፍዎትም። የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓ ሰው ቀድሜ አየሁ አሉ፤ እስፓኛዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታል። ይህን ደፍሮ በፊትዎ የሚነግርዎ ሰው ነበር የሚያስፈልግዎ። ኩርፊያዎም ጎዳዎት። ስኮትላንድ ገብተው መጽሐፍዎን እስከ 1790 አዘገዩት፤ 16 ዓመት ሙሉ ሹክሹክታው ብቻውን አገር ዞረ። ለተረብ መድኃኒቱ መልስ ነው፤ ኩርፊያ ለተረበኛው ሜዳውን መልቀቅ ነው።

መልሱማ ከመጀመሪያውም ጓዝዎ ውስጥ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክ! አውሮፓ ቁርጥራጩን ብቻ ይዛ ሙሉውን ያጣችውን መጽሐፍ የእኛ ሊቃውንት በግዕዝ እየገለበጡ አኑረውት ነበር። ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ወጣ። ኦክስፎርድ ከገባው ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

እንግዲህ ጋሽ ጆርጅ፣ መልስዎ ይኸው፤ በጆሮ ሳይሆን ጮክ ብዬ። ብሩስ ሲወጣ ከእኛ ቤት አንድም ክራር አልጎደለም፤ ሲገባ ግን እናንተ ቤት አንድ የጠፋ መጽሐፍ ተገኘ። በሉ፣ ተራው የእርስዎ ነው።