ቦሌ ላይ ያልተለቀሰለት ስደተኛ

አቋሜን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። በአማርኛ ፊልም ውስጥ የምናየው ስደተኛ ትክክል ነው። የተሳሳቱት ሸዋ ሮቢት ያሉት ናቸው።

ይህን የምለው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። እኔም የዚሁ የይፋት ቆላ ልጅ ነኝ፤ ስለ ስደት ሦስት ዓመት ሙሉ የደከምኩበት የፊልም ስክሪፕትም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሰሞኑን ግን ሻይ ቤት ተቀምጬ ከጎኔ ያሉ ወጣቶች «የእኛ ፊልሞች ስደተኛን እንደሆነው አያሳዩትም» ሲባባሉ ሰማሁ። ሻዬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ዝም ከተባለ ነገ ደግሞ ሙሽራ እንደሆነችው ትቅረብ ሊሉ ነው።

ለመሆኑ ፊልሞቻችን ምን አጠፉ? ስደተኛን በሦስት መድበው በሥርዓት አስቀመጡልን። አንደኛው ሂያጁ ነው። እናቱ የጆሮ ወርቋን ሸጣለት ቦሌ ይመጣል፤ ባለ ጎማ ሻንጣውን እየጎተተ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ይነሣል። ሁለተኛው መጪው ነው፤ ዲያስፖራ ይባላል። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም፣ አማርኛውን እንደ ማስቲካ ያኝካል፣ የኪራይ መኪናውን የራሱ አስመስሎ የሰፈሩን ቆንጆ ያማልላል፣ በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ መኪና አጣቢ እንደነበረ ይጋለጣል። ሦስተኛዋ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ናት። እሷ አትናገርም፤ ግድግዳ ታያለች። ባጀት ሲያጥር እሷም ትቀርና ሣጥኑ ብቻ ይመጣል።

አራተኛ የለም። አራተኛ ቢኖር ተመልካቹ መቼ ማልቀስ እንዳለበት ግራ ይገባው ነበር። አሁን ሻንጣው ሲታይ ሶፍት ይወጣል፣ መነጽሩ ሲታይ ይሳቃል፣ ግድግዳው ሲታይ ከንፈር ይመጠጣል። ይህን ያህል የሚከበር ሥርዓት በትራፊክ መብራት እንኳ አላየንም።

አሁን ወደ ሸዋ ሮቢት ልምጣ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ጆሮው እስኪደፈን ወደ ሙቀቱ የወረደ ሰው ከተማችንን ያውቃታል። ፓፓያና ማንጎ ይገዛል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ ያልፋል። አውሮፕላን ማረፊያ የለንም። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ቦሌን ሳይረግጡ ይሰደዳሉ። ደላላው በስልክ ይቀጣጥራቸዋል፤ ሲመሽ ይወጣሉ። አፋር በምሥራቅ በኩል ቅርባችን ነው። ጥቂት በአይሱዙ፣ ብዙ በእግር እያሉ ወደ ጅቡቲ፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፤ ከየመን ደግሞ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። የያዙት አንድ ፌስታልና የውኃ ጀሪካን ነው።

አሁን እናንተው ፍረዱ። ፊልም ሠሪው በጨለማ ምን ይቅረጽ? ጀነሬተር ተሸክሞ አይሱዙውን ይከተል? ፌስታልስ ጎማ የለው፣ በምን ይጎተታል? እናትየዋ የልጇን መሄድ የምትሰማው በሦስተኛው ቀን በስልክ ከሆነ ማን ማንን አንቆ ሊያለቅስ ነው? ሰው ሲሰደድም ቢሆን ለካሜራ ትንሽ ማሰብ አለበት። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አገላብጬዋለሁ፤ ደላላውን በጽኑ ይቀጣል። ያለ ስንብት ለቅሶ የሚሰደደውን የሚቀጣ አንቀጽ ግን አጣሁበት።

ቦሌ ራሷም አንድ ጊዜ ከሥርዓት ወጥታለች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ዋለ፣ ሲወርድ አደረ። ይህን ነገር በትልቁ ስክሪን እስካሁን አላየሁትም፤ አይደንቀኝም። ሻንጣ ከሌለ ስጦታ የለም፤ ስጦታ ከሌለ ሰፈርተኛ አይሰበሰብም፤ ሰፈርተኛ ካልተሰበሰበ ትዕይንት የለም።

የእኔን ስክሪፕት ያሰናከለችብኝ ግን ጎረቤቴ ናት። ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናትና መረጃ ልወስድ ሄድኩ። ማስታወሻ ደብተርና፣ ለማንኛውም ብዬ፣ አንድ እሽግ ሶፍት ይዣለሁ። ግድግዳ ሥር ተቀምጣ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ያገኘኋት ሽንኩርት ማሳዋ ውስጥ ጭቃ ላይ ቆማ የውኃ ሞተር ስትፈታ ነው።

«ጋሼ፣ ያችን መፍቻ እስቲ ያቀብሉኝ» አለችኝ።

አቀበልኳት። ስደተኛ መፍቻ ሲይዝ በየትኛውም ፊልም አይቼ አላውቅም፤ የት እንደምቆምም ጠፋኝ።

«መከራሽን ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» አልኳት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የቱን?» አለች ብሎኑን ሳትለቅ። «የመጀመሪያዋ ማዳም የሰባት ወር ደመወዜን በላችኝ። ሁለተኛዋ ደግ ነበረች። ትንሹ ልጇ እኔን ነበር ማማ የሚለኝ፤ ወላሂ፣ እናቱ ቅናት ሊገድላት! አሁንም በኢሞ ይደውልልኛል። አምናና ዘንድሮ ድምፁ ጎርንኗል።» ሳቀች።

ክፉውንና ደጉን በአንድ ትንፋሽ! የሰባት ወሩ ደመወዝ ላይ ዋሽንት ላስገባ ስል ልጁ ማማ አለ፤ ልጁን ልከተል ስል ሞተሩ ተነሣ። በዚያ ላይ በየመሀሉ ስልኳን ከጉያዋ እያወጣች ታየዋለች፤ መልሳ ትከተዋለች። በቃለ መጠይቅ መካከል ስልክ ማየት ነውር መሆኑን ሪያድ አልነገሯትም ማለት ነው። ታገስኳት።

ማሳዋ ላይ ባለፈው ዓመት ማሾ ዘርታ ነበር። ማሾ፣ የማያውቅ ካለ፣ ከእኛ ቆላ ተነሥቶ ባሕር ማዶ የሚሸጥ ጥራጥሬ ነው። ከመሄዱ በፊት ይበጠራል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ወረቀቱ አብሮት ይጓዛል፤ ቢጠፋ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅለት ባለቤት አለው። ይህን ያነሣሁት ከልጆቻችን ጉዞ ጋር ላነጻጽረው አይደለም። ማሾ ስለማያለቅስ ፊልም እንደማይሠራበት ለማስረዳት ብቻ ነው።

ስሰናበታት ከንፈሬን ልምጠጥልሽ ወይ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኳት።

«ለምኑ?» አለችኝ።

የሻይ ቤቱን ወጣቶች ያበላሻቸው የስፓኒሽ ቋንቋ ፊልም ሳይሆን አይቀርም፤ እያወረዱ ያያሉ። ሞንቾ አርሜንዳሪስ የተባለ ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ1990 «የአሉ ደብዳቤዎች» የሚል ፊልም ሠርቷል። አሉ ሴኔጋላዊ ነው፤ በጀልባ ስፔን ይገባል፣ እርሻ ላይ ይቀጠራል፣ ለወገኑ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ተይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። እዚህ ላይ ፊልሙ ማለቅ ሲገባው ሰውዬው እንደገና ሊሻገር ይነሣል! እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲየጎ ኬማዳ ዲየስ «ላ ሃውላ ዴ ኦሮ» ብሎ መጣ፤ ከወርቅ የተሠራ የወፍ ቤት ማለት ነው። የጓቲማላ ልጆች ጭነት ባቡር ጣሪያ ላይ ተሳፍረው ሜክሲኮን ያቋርጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ይዞ የምናየው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ትርፍራፊ ይለቅማል። መነጽር የለ፣ የኪራይ መኪና የለ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበሩም፤ ካን ላይ ግን ተሸለሙ። ከእኛም ወገን ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ይህንኑ ስሕተት ፈጽሟል። አንበርብር ተምሮበት ከነበረው ጀርመን ወደ መንደሩ የሚመለሰው አንድ እግሩን አጥቶ ነው፤ የእናቱ ቤት ደጃፍ ላይ መኪና አያቆምም፣ ማንንም አያማልልም። ዋጋዱጉ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ሰጡት። ዳኞቹ የእኛን ደንብ ከየት ያውቃሉ?

ሻይ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ሲጠብቅ ከወጣቶቹ አንዱ ታሪክ ጠቀሰብኝ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የይፋቱ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬም ልጆቻችን የሚሻገሩት ወደዚያው ነው። የየመኑ ንጉሥ ግን ተቀበላቸው፣ አስጠጋቸው፣ ፈረስም ሰጥቶ ሸኛቸው። ፓስፖርት የቀማ አሠሪ፣ ደመወዝ የበላች ማዳም አልተመዘገበም። ሽማግሌዎቻችን ከአገሩ የወጣ ሰው እንደ አህያ ይጫናል፣ እንደ ፈረስ ይለጎማል ይላሉ፤ እነዚህ ግን ፈረስ ተሰጣቸው እንጂ ፈረስ አልሆኑም። ተመልሰውም ከወደ ምሥራቅ የአዳልን መንግሥት አቆሙ። ለልጁ የመለስኩለት አጭር ነው። ከስደት ተመልሶ መንግሥት ማቆም ለመቅረጽ ብዙ ወጪ አለው፤ ግድግዳ ግን በየቤቱ አለ።

«ከመንዝ የሚወርደውስ?» አለ ሌላው። ይህኛው ጥያቄ ጊዜ አይፈጅም። በማሽላ አጨዳ፣ በሽንኩርት ነቀላ ጊዜ ደገኛው ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላችን ይወርዳል፤ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ዕድሉ ከከፋ ወባ ይዞት ይመለሳል። ይህ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ስደተኛ አይባልም። ስደተኛ ቀይ ባሕርን ይሻገራል፤ ቀን ሠራተኛ የሚሻገረው የሮቢ ወንዝን ነው። በፊልምም ድርሻ አልተነፈገም፤ ባለታሪኩ ሲያልፍ ከጀርባ አካፋ ይዞ ይታያል።

እንግዲህ ሕዝባችንን ወደ ፊልሙ ደረጃ ማምጣት የሁላችንም ኃላፊነት ነው። የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ባለ ጎማ ሻንጣ በሰዓት ያከራይ። ለውጭ አገር ሥራ የሚሄዱ ልጆች የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሲፈተኑ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ማንቀሳቀስና ሕፃን መያዝ ይጠየቃሉ፤ ስንብት ለምን አይጠየቁም? አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀች ትሁን ብሎ ነበር። 8ኛ ክፍል ላጠናቀቀች ልጅ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ይከብዳታል? በ2015 ዓ.ም. እስከ 500,000 የሚደርሱ ሴቶችን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመላክ ዝግጅት እንዳለ ሲነገር ሌላው ስለ ውጭ ምንዛሪ ያወራ ነበር፤ እኔን ያስጨነቀኝ የሶፍት አቅርቦት ነው።

አንድ ትዕይንት ላይ ግን መከላከያዬ አለቀብኝ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ይላል። ሳዑዲ ክሱን አልተቀበለችም። ሪፖርቱን ካነበብኩ በኋላ ስክሪፕቴን አወጣሁና ይህ የት እንደሚገባ ፈለግኩ። ቦታው ተራራ ነው። ሻንጣ የለም፣ መነጽር የለም፣ ግድግዳም የለም። ገጽ 40 ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ኪሴ ውስጥ ከሶፍቱ ጋር የጎረቤቴን መፍቻ አገኘሁት፤ ያን ቀን ሳላስበው ይዤው ሄጄ ኖሯል። ልመልስላት ወረድኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ እሷ ግንድ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ያነባሉ» አለችኝ። «ኦቦክ ኔትወርክ አለው?»

ለታናሽ እህቷ ነው። ልጅቷ የሄደችው አንድ ፌስታል ይዛ፣ ማታ፣ ለማንም ሳትናገር ነው። ኢሞ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከ23 ቀን በፊት ነው።