ትንሽ ነገር ብቻ ይቀረዋል

በጣና ዳርቻ ያገለገለ የጀልባ ሞተር የሚሸጥ ሰው «ትንሽ ነገር ብቻ ይቀረዋል» ሲል ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ያ ትንሽ ነገር ብዙውን ጊዜ ኢምፔለር ነውና፣ ይኸውም የሐይቁን ውኃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ባለ ክንፍ ጎማ ነው። ጎማው በዕድሜ ደርቆ ሲቆራረጥ፣ ወይም ሐይቁን የወረረው እንቦጭ የውኃ መግቢያውን ሲደፍነው፣ ከሞተሩ ጎን የሚፈስሰው ቀጭን ውኃ ይቋረጣል፤ ባለቤቱም መቋረጡን የጤንነት ምልክት አድርጎ በመቁጠር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ጉዞውን ይቀጥላል።

ጥገናው ግን በወጉ መሠረት ከካንዴላ፣ ማለትም በእሳት ብልጭታ ነዳጁን ከሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ ይጀምራል። ካንዴላው ጠቁሮ የተገኘው ምናልባት በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳና ለባሕር ጠለል የተስተካከለው ካርቡራተር ቤንዚን ስለሚያበዛ ነው፤ መድኃኒቱም የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ነበር። ይሁን እንጂ የባለቤቱ አጎት (በየሞተሩ ዙሪያ አንድ አጎት አይጠፋም) ዘይት እንዲጨመር አስቀድመው ፈርደዋል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል፣ በበርካታ ሞተሮች ለ50 እጅ ቤንዚን የታዘዘው 1 እጅ ዘይት «ለጥንቃቄ» ለ20 እጅ ይደረግና ጭሱ የዘጌን ገዳማት ዕጣን ያስንቃል፤ ካንዴላውም ይበልጥ ይጠቁራል፣ ስለዚህ እንደገና ይጸዳል። ኢምፔለሩን ያየ ግን የለም፤ እርሱን ለማየት የታችኛውን የማርሽ ቤት መፍታት ግድ ሲሆን፣ ብሎኖቹ ዝገዋል።